አጥር ለሌለው በር የገዛሁት ጓጉንቸር

ዛሬ የሠራሁትን ለሰው አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር። መሐላዬ የቆየው ከተራራው እስክወርድ ብቻ ነው!

ለማን ነው የምነግረው? ለእናንተ ነዋ። ሰፈር ውስጥ ቢሰማ እታማለሁ፤ እዚህ ግን ቢያንስ ላይክ ይደረጋል።

እሺ፣ ተመቻችታችሁ ተቀመጡ። እኔ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልዬ ነው የምጽፈው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ነው፣ ውጭ ዝናቡን ያወርደዋል፣ አውራ ጣቴ በጨርቅ ስለታሰረ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። ጣቴ ለምን እንደታሰረ እንደርስበታለን።

ለአዲስ ገቢዎች፦ ቲቸር ሰናይት እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። በተጨማሪ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ይሄ ሲተረጎም፣ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱን በር የምዘጋው እኔ ነኝ ማለት ነው።

ሁለት ሰዓት ከአምስት። ኳ!

ከዚያ በኋላ የመጣ የሚኒስትር ልጅም ቢሆን ውጭ ነው። "ቲቸር፣ እናቴ..." የለም። "ቲቸር፣ ባጃጁ..." የለም። ምክንያት መስማት ከተጀመረ ማለቂያ የለውም የሚል እምነት ነበረኝ።

ተማሪዎቼ የምታነቡ ካላችሁ፣ አዎ፣ ያቺው ነኝ። አትሳቁ።

ታዲያ ሰኔ ላይ ስታፍ ሩም ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ክረምቱን በጥብቅ ቦታ መሥራት የሚፈልጉ መምህራን ይመዝገቡ ይላል። ሥራው ጭላዳ ዝንጀሮ መቁጠር፣ ጎብኚ ማስጎብኘት፣ መዝገብ መያዝ። ቦታው ከአንኮበር በላይ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ገና አሥር ቀን ሥራ ይቀረኛል!

ባልደረቦቼ "በዚህ ብርድ? አብደሻል እንዴ?" አሉኝ። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ሲፈራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ የዚያን ተራራ ብርድ ከዚህ ገምቱት።

እኔ ግን ስልሳ ሁለት ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ይዤ ዓመቱን ሙሉ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጸጥታ። የትም ይሁን፣ በምንም ይሁን፣ ጸጥታ ብቻ።

አገኘሁት እኮ!

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ጠዋት ስወጣ ጉሙ ከቆላው በኩል ገደሉን እየታከከ ቀስ ብሎ ይወጣል። አይቸኩልም። መጀመሪያ ረጃጅሙን ጅብራ ይሸፍናል፣ ከዚያ የአስታውን ቁጥቋጦ፣ ከዚያ እኔን። ለጥቂት ደቂቃ የገዛ እጄን እንኳ አላይም። ጉሙ ውስጥ ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ሲያጉተመትሙ ይሰማል፤ ስብሰባ የሰለቻቸው መምህራን ነው የሚመስሉት። ከዚያ ድንገት ይገለጥና ዓለሙ በሙሉ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። በረገጥኩ ቁጥር ጦስኙ ይሸታል። ወዴት ልሄድ እንደተነሳሁ ይጠፋኝና ቆሜ እቀራለሁ።

በቃ ፈዘዝኩ። ክፍል ውስጥ በመስኮት ውጭ ውጭ የሚያይ ተማሪ ሳይ ጠመኔ የምወረውረው ሴትዮ፣ እዚህ መጥቼ ቀኑን ሙሉ ውጭ ውጭ ማየት ሆነ ሥራዬ። ጭላዳ ልቆጥር ሄጄ ሠላሳ ላይ ስደርስ አንዷ ልጇን ስታሻሽ አያትና ቁጥሩ ይጠፋብኛል። የሒሳብ መምህርት! እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ደስ እያለኝ ነው ደግሞ የምጀምረው።

የመጀመሪያው ቀን ስልጠና ላይም እንዲሁ ነው የሆንኩት። አንድ ሽማግሌ መጥተው ስለ ተራራው ሣር ሕግ ለረጅም ሰዓት ተናገሩ። እኔ በመስኮት ጉም እያየሁ ነበር። የሽማግሌውን ፊት እንኳ በቅጡ አላየሁም።

ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ታለቅሱባታላችሁ።

ማረፊያዬ እትዬ አስካለ ቤት ነው። እትዬ አስካለ ብቻዋን የምትኖር፣ ወደ ስልሳ የምትጠጋ፣ ሳቋ ከማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ቤቷ የሣር ክዳን ነው፤ ክዳኑ ደግሞ አርጅቷል። ያፈሳል። ቀልድ አይደለም፣ ያፈሳል! ሐምሌን አልጋዋን ወዲህ አልጋዬን ወዲያ ስንገፋ ነው የከረምነው። ዝናብ ሲመጣ ድስትና ጆጎ ይዘን እንሯሯጣለን። ለኔ ጨዋታ ነበር፤ እሷን ግን ሳል ጀመራት። "ደረቴን ያዘኝ" ትላለች፣ ከዚያ ትስቃለች፣ ከዚያ ሳሉ ይይዛታል።

"እትዬ፣ ለምን አይጠገንም?" አልኳት አንድ ቀን።

"በምን ልጠግነው፣ ልጄ? ሣሩ ተዘግቷል" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራው ላይ ጓሳ የሚባል ሣር አለ። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ግን ማንም ብድግ ብሎ አያጭደውም። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሕዝቡ ራሱ ዘግቶ የሚጠብቀው ነው። የሚከፈተው በበጋ ነው፣ ያውም በየዓመቱ አይደለም። ክረምት ላይ ግን አንዲት ጠዋት አለች። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ለዚያች ጠዋት ብቻ፣ ቤቱ ለሚያፈስበት ሰው ይከፈታል። ከየቤቱ አንድ ማጭድ ይመጣል። ሁሉም እኩል ይጀምራል። ዝናቡ ጠብ ሲል ጡሩምባ ይነፋና ያበቃል። ያልደረሰው በጋን ይጠብቃል።

የእትዬ አስካለን ጣራ ለመድፈን አሥር እስር ሣር ያስፈልጋል። ራሷ ቆማ በዓይኗ ለክታዋለች። ያቺን ጠዋት ስትጠብቅ ከረመች። "እሷን ካገኘሁ ሳሉም ይተወኛል" ትለኝ ነበር። እኔም አብሬያት ቀን ቆጠርኩ።

ያቺ ጠዋት ዛሬ ነበረች።

አሁን ስለ በሩ ልንገራችሁ። ወደ ሣሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ትልቅ የቆርቆሮ በር አለ። ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት ሜትር የድንጋይ ካብ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ምንም! አጥር የለውም! በሩ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሟል። በጎኑ ሁለት በሬ ጠምዶ ማለፍ ይቻላል።

እኔ ይሄን ሳላየው ቀርቼ አይደለም። ግን አሥራ ሁለት ዓመት በር ስትዘጋ የኖረች ሴት በር ስታይ እጇን ይበላታል። ቁልፍ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ በሽቦ ነበር የሚጠመጠመው። ሽቦ! እንዴት እንዳናደደኝ። ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ደርሼ ስመለስ ጭብጥ የምታህል ጓጉንቸር ገዛሁ። በራሴ ገንዘብ። ማንም ሳያዘኝ!

ትናንት ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን ሽመልስ ሥራ ሲያከፋፍል "ሰናይት፣ አንቺ በሩ ጋ ሆነሽ የሚገባውን ሰው መዝግቢ። አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል" አለኝ። መዝግቢ ነው ያለኝ። ዝጊ አላለኝም። ዝጊ የሚለውን እኔ ጨመርኩበት።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ እትዬ አስካለ ቀድማኝ ተነስታ የገብስ ቆሎ ቆልታ፣ በጨርቅ ቋጥራ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። "ብርድ ነው፣ እየቆረጠምሽ ዋይ። አንቺ ቅደሚ፣ እኔ የቤቱን ጣጣ ጨርሼ እደርሳለሁ" አለችኝ። ቀደምኩ። ሥራ ወዳድ!

የዛሬው ጉም ደግሞ የጉድ ነበር። ሰዎቹ ማጭዳቸውን ይዘው ከጉሙ ብቅ ይላሉ፣ ስማቸውን ይነግሩኛል፣ እመዘግባለሁ፣ ተመልሰው ጉሙ ውስጥ ይገባሉ። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ማጭድ፣ "እንዴት አደርሽ"፣ ከዚያ ነጭ ብቻ። በሕልሜ ስም የምጠራ መሰለኝ። እንዲህ ያለ አቴንዳንስ በሕይወቴ ይዤ አላውቅም።

አንድ ሰዓት ሆነ። እንደ ትምህርት ቤታችን አምስት ደቂቃ ጨመርኩ። አዛኝ ነኝ እኮ!

አንድ ሰዓት ከአምስት። ኳ! ጓጉንቸሯን ቆለፍኳት። ደስታዬን አልነግራችሁም።

ብዙም ሳይቆይ ቆርቆሮው ቀስ ተብሎ ተንኳኳ።

"ማነው?" አልኩ።

"እኛ ነን" አለ የሽማግሌ ድምፅ።

"እናንተ እነማን?"

"ያረፈድነው" አለ ድምፁ።

ወይኔ! ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ወስዷት የከረመችው የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ ደረቷን ነፍታ ተነሳች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ማን እንዳለ ሳላይ፣ ለቆርቆሮ ንግግር አደረግሁ! ጊዜ ማለት ሕይወት ነው አልኩ። ሌላው በሰዓቱ ሲደርስ እናንተ ምን ነካችሁ አልኩ። ሰዓት ማክበር ከቤት ነው የሚጀምረው አልኩ። ይሄን ሁሉ የምለው ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ነው። ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም ነበር።

"ያረፈደ ውጭ ይቆማል! ሕግ ሕግ ነው!"

"እሺ ልጄ" አለ ድምፁ።

እሺ! ያለ ጭቅጭቅ! "ቲቸር፣ በናትሽ" የለ፣ ማልቀስ የለ። ይሄን ያህል ጨዋ አርፋጅ በአሥራ ሁለት ዓመት አላጋጠመኝም። መስከረም ላይ ለተማሪዎቼ በምሳሌነት እነግራቸዋለሁ ብዬ ሁሉ አሰብኩ።

መዝገቤን ብብቴ ሥር አድርጌ ወደ ሣሩ ሄድኩ።

ሕዝቡ ሣሩ ዳር ተቀምጧል። መቶ የሚሆን ሰው፣ ማጭዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ማንም አያጭድም።

"ለምን አትጀምሩም?" አልኳት አንዷን።

"ይመጣሉ" አለችኝ።

"ማን?"

"አስጀማሪው ናቸዋ።"

አሃ፣ እንግዲህ አስጀማሪውም አርፋጅ ነው አልኩ በልቤ። የጊዜ አጠቃቀም የአገር ችግር ነው አልኩ። በአእምሮዬ ለሽመልስ አጭር ሪፖርት መጻፍ ጀመርኩ። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ፈዘዝኩ!

እስቲ አትፍረዱብኝ። ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ጉሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሣሩ ጤዛውን እንደያዘ ያንቀላፋ ይመስላል። አንዲት ቀይ ቀበሮ ሰውን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ዳር ዳሩን አልፋ ሄደች። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው፣ ልጆቻቸውን አዝለው፣ በበሩ ጎን በኩል ዘና ብለው ገቡ። ቪዲዮ ቀረጽኳቸው። ሁሌ እንዲህ ቢሆን፣ ደወል ባይኖር፣ ፈተና ባይታረም ብዬ ተመኘሁ። እንደዚያ ሰላም የተሰማኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ቪዲዮውን ቅድም ደግሜ አየሁት። ከጭላዳዎቹ ኋላ፣ ጉሙ ሳሳ ሲል፣ በሩ ደጃፍ ላይ የተኮለኮሉ ሰዎች ይታያሉ። ያን ጊዜ ግን እኔ ጭላዳ ነበር የማየው።

ስልኬን ሳይ ሦስት ሰዓት አልፏል።

ሽመልስ ቆጠራ ላይ ከነበረበት ሸንተረር እያለከለከ ወረደ። "ምንድን ነው? ለምን አልተጀመረም? አያ ደምሴ የት አሉ?"

"አያ ደምሴ ማናቸው?" አልኩት።

አስተያየቱን ብታዩት! "አስጀማሪው ናቸው እንጂ! ስልጠና ላይ የሣሩን ሕግ ያስረዱን ሽማግሌ። እሳቸው ሳይጀምሩ ማን ማጭድ ያነሳል?"

ወደ በሩ ዞር አልኩ።

"ሽመልስ... በሩ ጋ ሰዎች ነበሩ" አልኩ።

"እና?"

"ቆልፌዋለሁ።"

"በምን? ቁልፍ የለውም እኮ!"

ገዝቼለታለኋ!

ሮጥኩ። ጭቃው ሁለቴ ጣለኝ። ቁልፉ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ከቆሎው ጋር ተደባልቆ አልያዝ አለኝ፤ ቆሎውን እፍኝ በእፍኝ መሬት ላይ እየበተንኩ ነው ያገኘሁት። ጓጉንቸሯ አዲስ ስለሆነች እሺ ብላ ተከፈተች።

ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ጋቢያቸው ጤዛ ጠጥቶ ከብዷል። አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጉልበታቸው ላይ ሁለት ማጭድ ይዘዋል። ሲያዩኝ ተነሱ። ለኔ! ከመቀመጫቸው ተነሱልኝ!

"ደህና አደርሽ፣ መምህርት?" አሉኝ።

ከጎናቸው አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታስላለች። ቀና አለች። እትዬ አስካለ!

የቆላችልኝን ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው የቆለፍኩባት!

"እትዬ! ለምን አልጠራሽኝም? ሰናይት ብትዪኝ ምን ነበረበት?"

"ሰው ፊት ላሳፍርሽ? ደግሞ ንግግርሽ ያምር ነበር" አለችኝና ሳቀች። ከዚያ ሳሉ ያዛት፣ ቶሎም አልለቀቃት።

አያ ደምሴ እግር ላይ ወደቅሁ። እንዲሁ ዘፍ አልኩ። "ተነሺ ልጄ፣ ጭቃ ነው" አሉኝ።

"አያ፣ በጎን ለምን አልገቡም? አጥር እኮ የለውም!"

ግራና ቀኙን አዩ። "የለውም" አሉ። "ኖሮትም አያውቅ። ታዲያ ይሄ ሣር እስከ ዛሬ በምን የኖረ ይመስልሻል?"

ጭቃዬን እያራገፍኩ ተነሳሁ።

ለምን እንዳረፈዱ የሰማሁት ወደ ሣሩ ስንሄድ ነው። የአያ ደምሴ ጎረቤት ታሞ አልጋ ላይ ውሏል፣ ቤቱ ያፈሳል፣ ማጭዱ ካልመጣ ደግሞ ድርሻ የለውም። እሳቸው በዚያ እርጅና ቁልቁለቱን ወርደው ማጭዱን ይዘውለት፣ ዳገቱን መልሰው ወጡ። ሁለተኛው ማጭድ የሱ ነው። እትዬ አስካለ ደግሞ የኔን ቆሎ ስትቆላ የራሷ ሥራ ወደ ኋላ ቀረባት። "ምክንያት አልሰማም" የምለው ሴትዮ ምክንያቱን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር!

አያ ደምሴ ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ አጨዱና ለእትዬ አስካለ ሰጧት። ዘንድሮ ከሁሉ የባሰው ያንቺ ቤት ነው አሉ። ያኔ ሕዝቡ በሙሉ ተነሳ። ያ ሁሉ ማጭድ እርጥብ ሣር ውስጥ አንድ ላይ ሲገባ ያለውን ድምፅ ብትሰሙ! እንኳን ሰው፣ ጉሙም ያዳመጠ መሰለኝ።

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ። ስም ብቻ ነው ያወጡልኝ።

እመት ጓጉንቸር!

"እመት ጓጉንቸር፣ ገመዱን አቀብይን!" "እመት ጓጉንቸር፣ መውጫው ላይ እንዳትቆልፊብን አደራ!" አንዷ ደግሞ "ባሏ ሲያመሽ እንዴት ነው የሚገባው?" ብላ ጠየቀች፤ ሜዳው በሳቅ አለቀ። ባል የለኝም። ምክንያቱን ዛሬ ያገኘነው ይመስለኛል።

እትዬ አስካለን ሳሉ ሲበረታባት ማጭዷን ተቀበልኳት። ከየቤቱ አንድ ማጭድ ተባለ እንጂ አንድ እጅ አልተባለም! ግን እኔ የአስፋልት ዳር ልጅ ነኝ። ማጭድ በሥዕል ነው የማውቀው። ሦስተኛው ጭብጥ ላይ ጣቴን አጨድኩ። ነጠላዋን ቀድዳ አሰረችልኝና "አንቺ እሰሪ፣ እኔ ልጨድ" ብላ ማጭዱን ነጠቀችኝ። እሷ እያሳለች ታጭዳለች፣ እኔ በአንድ እጅ አስራለሁ። አንድ እስር። ሁለት። ሦስት። ከላይ ሰማዩን አያለሁ። አራት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈዝዤ ስቀመጥ ያላየሁትን ሰማይ አሁን ከዓይኔ አላወርደው አልኩ።

ዝናቡ ብዙ ጊዜ ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው የሚመጣው። ዛሬ አምስት ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ አንዲት ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈች።

አምስተኛውን እስር አስሬ ነበር። አምስት!

አያ ደምሴ ጡሩምባቸውን አነሱ። ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"አያ፣ እባክዎ! የባከነው ሰዓት በኔ ጥፋት ነው። እትዬ አስካለ አሥር ያስፈልጋታል። አንድ ሰዓት ይጨመር!"

"አይጨመርም፣ ልጄ። እርጥቡን መሬት ስንረግጠው ሥሩ ይሞታል።"

"ሕግ ነው ብለው ነው?"

"አዎ፣ ሕግ ነው። አንቺም ሕግ ብለሽ ነው የዘጋሽው" አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም፣ ልክ ለተማሪ እንደሚያስረዱ ነው የሚናገሩት። "እኔ ግን ስዘጋ ማን እንደቀረ አውቃለሁ። የአስካለ አምስት ይጎድላል። የዚያ በሽተኛ ሁለት ይጎድላል። በጋ ሲከፈት ከሁሉ በፊት የሚያጭዱት እነሱ ናቸው። አንቺስ? እዚያ በር ላይ ስንት ሰው እንደዘጋሽበት ታውቂ ነበር?"

አላውቅም ነበር። ስንት ናችሁ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

ጡሩምባው ተነፋ። መቶው ማጭድ ባንድ ጊዜ ቆመ። ግማሽ ጭብጥ የያዘው እንኳ ግማሹን ይዞ ቀና አለ።

ስንለያይ አያ ደምሴ ጓጉንቸሯን እያገላበጡ አዩዋት። "ይቺን አትፈልጊያትም አይደል? የዶሮ ቤቴን ሸለምጥማጥ አስቸግሮኛል" አሉኝ። ሰጠኋቸው። ቁልፉንም፣ የተረፈውንም ቆሎ!

አምስቱን እስር ተሸክመን፣ እየበሰበስን ወረድን። እትዬ አስካለ መንገዱን ሙሉ ታጽናናኛለች። እኔን! "ግማሽም ግማሽ ነው፤ ክረምቱም ወደ ማለቁ ነው" ትላለች። መስከረምም እንደሚዘንብ ሁለታችንም እናውቃለን። ቤት ስንደርስ አንድ ጎረቤቷ ዝናቡ ሳይብስ ልድረስላችሁ ብሎ ጣራው ላይ ወጣ። እኔ እርጥብ ልብሴን ልቀይር የጎረቤትየው ቤት ገባሁ።

ስመለስ ሥራው አልቋል። ቀና ብዬ አየሁ።

አዲሱ ሣር፣ አረንጓዴው፣ አምስቱም እስር፣ በሙሉ ከኔ አልጋ በላይ ነው!

በሷ አልጋ በኩል ድስቱ ተቀምጧል። ጠብ። ጠብ።

"እትዬ! ምንድን ነው ያደረግሽው? ላንቺ ነበር እኮ የሚያስፈልገው!"

"እንግዳዬ ነሽ፣ በላይሽ ላይ ውኃ አይወርድም። እኔ ለምጄዋለሁ" አለችኝ። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ አለቀስኩ። አልጋ እንለዋወጥ፣ ያለበለዚያ ያንቺን ወደ ደረቁ እንግፋው አልኩ። "በቤቴ አታዢኝም፣ እመት ጓጉንቸር!" አለችኝ፤ እስኪያስላት ድረስ ሳቀችብኝ።

እኔም እልኸኛ ነኝ። እሷ አልጋ ላይ ከጎኗ ተደርቤ ተቀመጥኩ። አሁን ይሄን የምጽፍላችሁ ከዚያው ሆኜ ነው፤ ድስቱ ከእግራችን ሥር ነው። ደረቁ አልጋ ላይ ድመቷ ብቻዋን ተዘርግታ ተኝታለች።

እትዬ አስካለ በየመሀሉ ታስላለች። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰዓት ማለት አምስት እስር ማለት ነው። ቀላል ስለሆነ ነው መሰለኝ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ትምህርት ቤት የአርፋጆች መዝገብ አለኝ። ስም ተጽፏል፣ ቀን ተጽፏል፣ በስንት ደቂቃ እንዳረፈደ ተጽፏል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሞላሁት ነው። እያንዳንዱ ልጅ ያን ጠዋት ከየት እንደመጣ፣ ማንን ሲያስታምም፣ ለማን ሲቆላ እንዳረፈደ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ዓምዱም የለውም።

ስለዚህ በር ላይ ያስቀረኋችሁ ልጆች በሙሉ፣ ያገባችሁም የወለዳችሁም፣ ያን ቀን ለምን እንዳረፈዳችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አንድ በአንድ አነባለሁ። መሳቅም መሳደብም ትችላላችሁ።

የጊዜ ገደብ የለውም። አርፍዳችሁ ብትጽፉም እቀበላለሁ።